ብሎኬት ማምረቻውና የተነገረው ቃል፦ በዕለት ሥራ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ስለ መለየት አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት ሰፈሮች የሚኖሩ ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዘዋቸው ከሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እንጀራ ናቸው። አንዱ መሥሪያ ቤቱን ሊለቅ ያስባል፤ ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች፤ ሌላው ባጃጁን ሸጦ ሱቅ ሊከፍት ይፈልጋል። ሁሉም «የጌታ ፈቃድ መሆኑን በምን ልወቅ?» ይላሉ። የሚሰጣቸው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እንጸልይበት» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ከጸሎቱ ጎን ምን መደረግ እንዳለበት ስለማይነገራቸው፣ ጠያቂው ወይ ብቻውን ይወስናል፣ ወይ ሳይወስን ይደክማል።

ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ ከሚያዝያ 2014 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደ ነው። ጉዳዩን ሦስት ሰዎች፣ ማለትም ሁለት ሽማግሌዎችና በሙያዋ የሒሳብ ባለሙያ የሆነች አንዲት እኅት፣ በቅርብ ተከታትለውታል፤ ጸሐፊው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ባለጉዳዩና ባለቤቱ ጽሑፉን አንብበው እንዲወጣ ፈቅደዋል፤ ስማቸውና የቤተ ክርስቲያኗ ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

ባለጉዳዩ በጊዜው አርባ ዓመትን ጥቂት ያለፈ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበር። በወጣትነቱ ግንበኛ ሆኖ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ላይ ለዓመታት ከሠራ በኋላ፣ በእቁብ ባገኘው ገንዘብና ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም በወሰደው ብድር በኪራይ ቦታ ላይ የራሱን ብሎኬት ማምረቻ ከፈተ። አንድ ማሽን፣ አንድ ካቦና እንደ ሥራው ብዛት ቁጥራቸው ከፍና ዝቅ የሚል የቀን ሠራተኞች ነበሩት። ሒሳቡን በደብተር የምትይዘው ባለቤቱ ነበረች። ረቡዕ ማታ በሰፈሩ የቤት ለቤት ኅብረት ቃለ እግዚአብሔር ያስተምራል፤ በምሳ ሰዓትም ፈቃደኛ ለሆኑ ሠራተኞቹ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብላቸው ነበር።

ይህን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ብሎኬት ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ይሠራል። አሸዋውና ጠጠሩ በእንጨት ሣጥን ይለካል፤ ለአንድ ከረጢት፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ስንት ሣጥን እንደሚገባም አስቀድሞ ይወሰናል። ከማሽኑ የወጣው ብሎኬት ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ጥንካሬው በደንቡ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። የሣጥኑ ቁጥር ቢጨምር ወይም ውኃው ቢቀንስ ብሎኬቱ በመልኩ ከደኅናው አይለይም። ገዢው ጉድለቱን የሚያውቀው ሲጫንና ሲወርድ ጠርዙ መርገፍ ሲጀምር፣ ሲብስም ግድግዳ ላይ ከገባ በኋላ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣና በቦቴ የሚገዛው ውድ ስለሆነ፣ ብሎኬቱን ውኃ ማጠጣት ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ችግሩ

በ2014 ዓ.ም. የሲሚንቶ እጥረት በመላ አገሪቱ ግንባታን አስጨነቀ። ባለጉዳዩ በመደበኛ ዋጋ የሚያገኘው ሲሚንቶ ለጥቂት ቀን እንኳ የማይበቃ ሆነ፤ ከደላላ የሚገዛው ደግሞ ትርፉን ሁሉ ይበላበት ጀመር። የሠራተኞች ክፍያ በየአሥራ አምስት ቀኑ መሆኑ ቀርቶ ይዘገይ ጀመር፤ የብድሩ ወርኃዊ ክፍያም ተጓተተ።

በዚህ ጭንቀት መካከል ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ አገልጋይ በተጋበዘበት ጉባኤ ላይ ለባለጉዳዩ በትንቢት ተናገረው። በዚያው ሳምንት ባለጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች መጥቶ ማምረቻውን ዘግቶ፣ ማሽኑን ሸጦ፣ ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት ሊገባ መወሰኑን ገለጸ። ባለቤቱ አብራው መጥታ ነበር። እርሷ አልተቃወመችም፤ «እግዚአብሔር ከተናገረ እኔ ማን ነኝ? ግን የብድሩን ነገር ንገሩን» ብላ ብቻ ጠየቀች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ሽማግሌዎች በሁለት አቅጣጫ ሊስቱ ይችላሉ። አንደኛው ትንቢትን በመፍራት ወይም በመጠራጠር ጉዳዩን ወደ ገንዘብ ሒሳብ ብቻ ማውረድ ነው፤ ሁለተኛው «ጌታ ከተናገረ» በሚል ከመመርመር መቆጠብ ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20–21 ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ሁሉን ፈትኑ ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ትእዛዞች ናቸው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ የተነገረውን ቃል እንደተነገረ መጻፍ ነበር። አንድ ወጣት ጉባኤውን በስልኩ ቀርጾት ስለነበር ቅጂው ተደመጠ፤ ቃሉም በወረቀት ሰፈረ። አገልጋዩ ያለው እግዚአብሔር ከአቧራ እንደሚያነሣውና በብዙዎች ፊት እንደሚያቆመው ነው። ሥራውን ስለ መተው፣ ማምረቻውን ስለ መዝጋት ወይም ስለ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት አንድም ቃል አልነበረበትም። ይህ ክፍል የመጣው ከጉባኤው በኋላ ሻይ ላይ አብረውት ከተቀመጡ ወንድሞች ነበር፤ «አቧራ ማለት ብሎኬቱ ነው» ያለው ከእነርሱ አንዱ ነው። ባለጉዳዩ ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቃል አድርጎ ይዞት ነበር። ይህን ያደረገው በቅንነት መሆኑን ለመረዳት ቅጂውን ሲሰማ የታየበትን ድንጋጤ ማየት ይበቃ ነበር።

እዚህ ላይ የሐዋርያት ሥራ 21፥10–14 አብረን አነበብን። አጋቦስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም እንደሚታሰር በመንፈስ ተናገረ። የሰሙት ሁሉ አትሂድ ብለው ለመኑት፤ ጳውሎስ ግን ሄደ። ትንቢቱን የተጠራጠረ ከመካከላቸው አልነበረም፤ የተለያዩት ከእርሱ በተነሣ ምን ይደረግ በሚለው ነው። ባለጉዳዩ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኮበት እንደነበር፣ ነገር ግን ከዚህ አንጻር አይቶት እንደማያውቅ ነገረን።

ሁለተኛው እርምጃ ጥያቄውን መለያየት ነበር። እኅታችን በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ረድፍ አሰመረች፦ በመጀመሪያው ረድፍ ጸሎት የማይጠይቁ፣ ቃሉ አስቀድሞ የወሰናቸው ነገሮች፤ በሁለተኛው መረጃ የሚጠይቁ፤ በሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም መንገድ ያለ ኃጢአት ሊሄዱባቸው የሚችሉ፣ ጥበብ የሚለመንባቸው ነገሮች። ባለጉዳዩ «ልዝጋ ወይስ ልቀጥል» የሚለውን በሦስተኛው ረድፍ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ረድፍ ባዶ ነበር።

በዚህ ጊዜ እኅታችን የሒሳብ ሰው የሚጠይቀውን ተራ ጥያቄ ጠየቀች፤ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ባለ 20፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ብሎኬት ይወጣል? ባለጉዳዩ ዝም አለ። ባለቤቱ ግን «ደብተሩ ላይ አለ» ብላ ገጾቹን ገለጠች። ከጥር ወዲህ ከአንድ ከረጢት የሚወጣው ብሎኬት ብዛት ቀስ በቀስ ጨምሮ ከቀድሞው በሩብ ያህል በልጦ ነበር። ሲሚንቶው ሲጠፋ በሣጥን ላይ ሣጥን ተጨምሯል፤ ውኃ ማጠጣቱም ከ7 ቀን ወደ ሦስትና አራት ቀን ወርዷል። ዋጋው ግን እንደ ደኅናው ብሎኬት ነበር።

የመጀመሪያው ረድፍ ያን ዕለት ተሞላ። ምሳሌ 11፥1 ስለ አባይ (ሐሰተኛ) ሚዛን የሚናገረውን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም፤ ያዕቆብ 5፥4 ስለ ተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ የሚለውም ግልጽ ነው። ባለጉዳዩ ስለዚህ ነገር ልቡ ሲከሰው እንደቆየ፣ ክሱንም «እግዚአብሔር ከዚህ ሥራ ውጣ እያለኝ ነው» ብሎ እንደተረጎመው በራሱ አንደበት ገለጸ። ከጉዳዩ ሁሉ ይህን ንግግሩን ከፍ ያለ ዋጋ እሰጠዋለሁ። በሥራ ቦታ ሰላም ያጣ አማኝ ሰላም ማጣቱን ወዲያውኑ የመልቀቅ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ሰላም የነሣው ግን ሥራው ላይሆን ይችላል፣ በሥራው ውስጥ የሚያደርገው አንድ የተወሰነ ነገር ሊሆን ይችላል። በዚያን ሳምንት ማምረቻውን ቢዘጋ ኖሮ ደካማው ብሎኬት በሰው ግድግዳ ውስጥ፣ ያልተከፈለው ደመወዝም በሠራተኞቹ ላይ ቀርተው እርሱ መድረክ ላይ ይቆም ነበር።

ሦስተኛው እርምጃ እርምት ነበር፤ ከሁሉም ከባዱም ይኸው ነው። ልኩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የተጠራቀመው ደካማ ብሎኬት ለብቻው ተለይቶ ለሽያጭ እንዳይወጣ ተደረገ፤ ጥቂቶቹ ወደ ቁሳቁስ መፈተሻ ላቦራቶሪ ተወስደው ሲሰበሩ ጥንካሬያቸው ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። ደመወዙ እንዲከፈል ባልና ሚስቱ የእቁቡን ዳኛ ለምነው ዕጣቸው እንዲቀድምላቸው አደረጉ፤ ገንዘቡም በሙሉ ለሠራተኞቹ ሄደ። ከዚያም ባለጉዳዩ ደካማውን ብሎኬት ወደ ገዙት ደንበኞች አንድ በአንድ ሄደ። አንደኛው ገና ስላልሠራበት ተለወጠለት። ሁለተኛው ለጊቢ መከፋፈያ አጥር ስለተጠቀመበት ይቅር አለው፤ ግማሽ ዋጋው ተመለሰለት። ሦስተኛው ለሰርቪስ ቤት ግድግዳ ገንብቶበት ነበርና በጣም ተቆጣ፤ በሰፈሩም ስሙን አነሣ። ለዚህ ሰው የጣሪያው ጭነት በግድግዳው ላይ እንዳያርፍ የብረት ምሰሶዎች በባለጉዳዩ ወጪ ተተከሉለት። እንዲህም ሆኖ ሰውየው እንደገና ደንበኛ አልሆነም፤ የእርሱን ወሬ ሰምተው የቀሩ ገዢዎችም ነበሩ።

አራተኛው እርምጃ ሙከራ ነበር። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ክረምቱ ስለሚገባ ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ ማምረቻውም በየዓመቱ በዚያ ወቅት ሥራው ይቀንሳል። ይህን ጊዜ በመጠቀም ባለጉዳዩ እስከ ጳጉሜን ድረስ ያለ ክፍያ ከቤተ ክርስቲያኗ የወንጌል ሥርጭት ክፍል ጋር እንዲያገለግል ተስማማን፤ ያለችውን ጥቂት ሥራ ካቦው ያዘ። የሕሙማን ጉብኝት፣ ለአዲስ አማኞች ትምህርት፣ እሑድ ስብከት፣ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሁሉ ደረሰው። ሰውን አጠገቡ አስቀምጦ በማስተማር የተሰጠው ጸጋ ለሁሉም ታየ፤ በተለይ የቀን ሠራተኞች ከሌላ አስተማሪ ይልቅ እርሱን ይሰሙ ነበር። በእሑድ ስብከት ያን ያህል ፍሬ አልታየም፤ የጽሕፈት ቤቱ ሥራም እንዳደከመው ሳይሸሽግ ተናገረ።

በዚሁ ጊዜ የሁለተኛው ረድፍ መረጃ ተሰበሰበ። ቤተ ክርስቲያኗ ለተጨማሪ ሙሉ ጊዜ አገልጋይ በጀት አልነበራትም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሥልጠናም እንደ ቅድመ ሁኔታ ትጠይቃለች። ማሽኑ ቢሸጥ ብድሩን ሸፍኖ የሚተርፈው የቤቱን ወጪ ለረጅም ጊዜ አይችልም ነበር። እነዚህ ነገሮች ብቻቸውን ውሳኔ አይሆኑም፤ እግዚአብሔር ያለ በጀት የጠራቸው ሰዎች ብዙ ናቸውና። ይሁን እንጂ ሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንደሚቆጥር ስለሚናገር፣ መቁጠሩን እንደ እምነት ጉድለት አልተመለከትነውም።

ውጤት ያልሰጠው

ባለጉዳዩ በግንቦት ወር ለማንም ሳይናገር የጌዴዎንን መንገድ፣ ማለትም ከእግዚአብሔር ምልክት መጠየቅን፣ ሞክሮ ነበር። እስከ ዓርብ የሲሚንቶ ኮታው ከደረሰው በሥራው እንደሚቀጥል፣ ካልደረሰው እንደሚዘጋ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገረ። ሐሙስ ዕለት የኮታው ግማሽ መጣ። አንድ ወዳጁ «ግማሽ መምጣቱ ግማሽ ልብህን ስላየ ነው፤ ዝጋ» አለው፤ ባለቤቱ ደግሞ በችግር ጊዜ ግማሽ መገኘቱ ምሕረት ነው አለች። ምልክቱ ጥያቄውን ከመፍታት ይልቅ ሌላ ጥያቄ ጨመረበት። መሳፍንት 6ን አብረን ስናነብ ጌዴዎን የበግ ጠጉሩን የዘረጋው እግዚአብሔር ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ በግልጽ ከተነገረው በኋላ መሆኑን አየን፤ ያጣውን ድፍረት ለማግኘት እንጂ ሁለት መንገዶችን ለመምረጥ አልተጠቀመበትም። ታሪኩ የእግዚአብሔርን ትዕግሥት ያሳያል፤ የውሳኔ ዘዴ ሆኖ ግን አልተሰጠም።

ሁለተኛው ውጤት ያልሰጠ ነገር ጉዳዩን ለመላው የቤት ለቤት ኅብረት በይፋ አቅርቦ የአዳር ጸሎት መያዙ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። በማግስቱ ግን ሕልም ያየ፣ ራእይ ያየ፣ ጥቅስ የመጣለት በዛ፤ እርስ በርሳቸውም የሚጋጩ ነበሩ። ስለ ሣጥኑና ስለ ደመወዙ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ብዙ መካሮች መኖራቸው መልካም የሚሆነው መካሮቹ ጉዳዩን ሲያውቁት ነው፤ ባለጉዳዩ ከዚያ ሌሊት በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ግራ ተጋብቶ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል እስከ መጨረሻው ሙሉ ስምምነት አልተደረሰም። የሥራ ባልደረባዬ ሽማግሌ ባለጉዳዩ እርምቱን ከፈጸመ በኋላ ሁሉን ትቶ መውጣት ነበረበት የሚል አሳብ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። እኔ አልተቀበልኩትም። ውሳኔው ግን የእኛ ስላልነበረ ልዩነታችንን ለባልና ሚስቱ በግልጽ ነገርናቸው፤ ይህም ነፃ አደረጋቸው እንጂ አልጎዳቸውም።

ውጤት የሰጠው

ትንቢቱን የተናገረው አገልጋይ በስልክ ሲጠየቅ በትሕትና መልስ ሰጠ፤ የተቀበለውን እንደተናገረ፣ መፈተኑና መተርጎሙ የቤተ ክርስቲያኗ ድርሻ እንደሆነ አረጋገጠ። ይህ አጭር ንግግር ባለጉዳዩን ትንቢትን በመቃወም ፍርሃት እንዳይያዝ ረድቶታል። ሁልጊዜ እንዲህ ያለ መልስ እንደማይገኝ ግን መታወቅ አለበት።

ለሥራው መውጫ የሆነው አሳብ ያልታሰበ ቦታ ላይ ተገኘ። ካቦው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው፤ በጸሎቱም በውይይቱም አልነበረም። ነሐሴ ውስጥ «ጋሼ፣ ሲሚንቶውን ደንበኛው ራሱ ለምን አያመጣም? እኛ አሸዋውን፣ ጠጠሩን፣ ውኃውንና ጉልበቱን እንቻል» አለ። በዚያ ጊዜ ቤት የሚሠሩ ብዙ ግለሰቦች ሲሚንቶ ለራሳቸው ያፈላልጉ ነበርና አሳቡ የሚሠራ ነበር። ባለ ሲሚንቶው ሲቦካ ቆሞ ስለሚያይ ልኩ ተደብቆ ሊለወጥ አይችልም፤ ባለጉዳዩም ከደላላ ዋጋ ይድናል። ትርፉ ያንሳል፤ ፈተናው ግን ከሥሩ ይቆረጣል።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ለሦስት ቀን ከጾሙና ከጸለዩ በኋላ ወሰኑ። ማምረቻው በትእዛዝ ብቻ፣ በተቻለ መጠን በደንበኛው ሲሚንቶ፣ በአነስተኛ ሠራተኛ ይቀጥላል። እርሱም በማታው ክፍለ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይጀምራል፤ የአዲስ አማኞችን ትምህርት በኃላፊነት ይይዛል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ማስተማሩ (የሐዋርያት ሥራ 18፥3–4) በዚህ ውሳኔ ላይ ብዙ ተነሥቷል። ስለ «ብዙዎች ፊት መቆም» የተነገረው ቃል በወረቀት ላይ እንደተጻፈ በሽማግሌዎች ዘንድ ተቀምጧል፤ ተፈጽሟል ወይም ቀርቷል ብሎ የደመደመ የለም። በጥቅምት ወር ክትትሉ ሲያበቃ የሠራተኞች ውዝፍ ደመወዝ አልቆ፣ የብድሩ ውዝፍ ግን ገና ነበር።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚያገለግለው

በስብሰባ ላይ ለአንድ ሰው ስለ ሥራው የሚነገር ቃል ካለ ቃሉ በዚያው ቀን ቢጻፍ ይጠቅማል። ቃሉና ሰዎች በቃሉ ላይ የጨመሩት ትርጓሜ ከሳምንት በኋላ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ከወር በኋላ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም ማለት ይቀላል።

የመጀመሪያውን ረድፍ ባዶ አድርጎ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም ስለ ሥራው ዝርዝር መጠየቅ ያስፈልጋል። የልብስ ሰፊ ከሆነች ስለ ቀጠሮ፣ ነጋዴ ከሆነ ስለ ሚዛንና ስለ ደረሰኝ፣ ሾፌር ከሆነ ስለ ጭነትና ስለ እንቅልፍ፣ አሠሪ ከሆነ ስለ ደመወዝ ቀን። ጥያቄውን የሚጠይቀው ሰው ሙያውን ወይም ሒሳቡን የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሊደርሱበት ያልቻሉትን ነገር አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በአንድ ጥያቄ ደርሳበታለች። የትዳር ጓደኛም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውይይቱ መገኘት አለበት፤ ደብተሩ ብዙ ጊዜ ያለው በእርሱ ወይም በእርሷ እጅ ነውና።

የማይመለስ ውሳኔ፣ ለምሳሌ ማሽን መሸጥ፣ ሊመለስ በሚችል ሙከራ ቢቀደም መልካም ነው። የክረምቱ ጊዜ ለግንባታ ሰዎች ምቹ ነው፤ ለመምህራን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት፣ ለተቀጣሪ የዓመት ፈቃዱ እንዲሁ ሊያገለግል ይችላል።

ይህ አካሄድ የሚከብድበት ሁኔታም አለ። ባለጉዳዩ የማምረቻው ባለቤት ስለነበር ልኩን በአንድ ቀን ሊያስተካክል ችሏል። ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጎ እንዲፈርም የሚታዘዝ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ግን ይህን ሥልጣን የለውም፤ እርምቱ ራሱ ከሥራ ሊያስወጣው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው «አትፈርም» ብሎ ማሰናበት አይበቃም። ሥራውን ቢያጣ ቤቱ ለስንት ወር በምን እንደሚቆይ፣ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚያግዘው፣ ሌላ ሥራ በማን በኩል እንደሚፈለግለት፣ አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች ከመፈረሚያው ቀን በፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩና ድርሻቸውን ሊወስኑ ይገባል።